ወደ ቀኝ ይስባል

ነይ እስቲ አጠገቤ ቁጭ በይ። ካንቺ በቀር እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ የለም፤ ሌላው ሰው ገና «መኪና» ስል ማዛጋት ይጀምራል። ስለ መኪና ነው የማወራሽ፣ ስለ አባዬም ነው። ሁለቱን ለያይቶ ማውራት ደሞ እኛ ቤት ማንም ችሎበት አያውቅም።

ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ አጎቴ ጋራዥ እንደምውል ታውቂያለሽ አይደል፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም። ጋራዡ ሞተር አይፈታም፣ ቀለም አይቀባም። ሥራው አንድ ነው፣ የከባድ መኪና መሪ ማቃናት። መኪናው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ፣ ጎማው ባንድ በኩል ተበልቶ እንዳያልቅ፣ ሹፌሩ እጁን ሲያሳርፍ ወዲህ ወዲያ እንዳይል። እኔ ቸርኬው ላይ የደረቀውን ጭቃ እፍቃለሁ፣ ዕቃ አቀብላለሁ፣ መብራት እይዛለሁ፣ አወራለሁ። አጎቴ «አንቺ ምላስ» ነው የሚለኝ፤ ስሜን ረስቶት ይሆናል እላለሁ አንዳንዴ።

ከሁሉ የምወደው ግን መኪና ማስገባቱን ነው። ለመለካት የፊት ጎማዎቹ መሬት ላይ ያሉት ሁለት ክብ ብረቶች ላይ ልክ መሃል ለመሃል ማረፍ አለባቸው። ሹፌሩ ደሞ ጋቢና ላይ ተሰቅሎ ብረቶቹን አያያቸውም። ስለዚህ እኔ ከፊት ቆሜ በእጄ ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃ እለዋለሁ። ያ ሁሉ ብረት በኔ መዳፍ ቀጥ ሲል እኮ፣ ምን ልበልሽ። አጎቴ የመጀመሪያ ቀን ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሹፌሩ በሚያይሽ በኩል ቁሚ። እሱ ካላየሽ የለሽም ማለት ነው።» እሺ ብዬ ሁሌ በግራ፣ በሹፌሩ መስኮት በኩል ነው የምቆመው።

አባዬ ሹፌር ነው፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ። ረጅም ሰማያዊ ተሳቢ ነው የሚነዳው። መኪናው የድርጅት ነው፣ ግን እማዬ «ጣውንቴ» ትለዋለች። ከኔ ይልቅ እሱን ያጥበዋል፣ ከኔ ይልቅ ስለሱ ይጨነቃል ትላለች። እውነቷን ነው። ሶፋ ላይ ሸለብ ሲያደርገው እንኳ ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል።

እና ይሄ መኪና ወደ ቀኝ ይስባል ማለት ጀመረ። አመጣው፣ ለካነው፣ ቀጥ ያለ ነው ተባለ፣ ሄደ። ደሞ መጣ። «ኧረ ይስባል ነው የምላችሁ።» ደግመን ለካነው። ከዛ የመንገድ ዳር ብረት ታኮ አለፈ፣ ቀጥሎ የድርጅቱን የበር ዓምድ ገጨና ጥጉን አረገፈው። ይሄኔ የስምሪት ኃላፊዋ ራሳቸው ጋራዣችን ድረስ መጡ።

መነጽራቸውን ፀጉራቸው ላይ ሰክተው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሴትዮ ናቸው። ሰውን ሁሉ «የኔ ጌታ» ይላሉ። ሲቆጡም «የኔ ጌታ» ነው፣ ያኔ ነው የሚያስፈሩት። መኪናው ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ፣ ቅዳሜ ሌላ ሹፌር ይዤ እመጣለሁ፣ እዚሁ ዓይኔ እያየ ይለካል፣ ይነዳል አሉ። ከዛ አባዬንና አጎቴን ባንድ ላይ አዩዋቸው።

«መኪናው ከሳበ ጥፋቱ የጋራዡ ነው። ካልሳበ የሹፌሩ ነው፣ ቁልፉን እቀበላለሁ። ሦስተኛ የለም፣ የኔ ጌታ።»

አባዬ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ሲያሻሸው ይሰማኝ ነበር። አባዬን ያለ መሪ አስቢው እስቲ። እኔ አቃተኝ።

የዛን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ነው ያቺን ቃል የወረወራት። «ይሄ አዲሱ ልጅ ከመምጣቱ በፊት መኪናዬ እንዲህ አልነበረም።» በቃ፣ አንጎሌ ውስጥ ገብታ ቀረች።

አዲሱ ልጅ ማለት ሌዘር ነው። ስሙ አይደለም፣ እኛ ነን ያወጣንለት። አጎቴ በሲባጎ ነው ያደገው፤ ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጥሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሌላው አነጣጥሮ «ጎማው የሁለት ክር ውፍረት ወጥቷል» ይላል። አዲሱ ልጅ ጎማ ላይ የሚታሰር፣ ቀይ ብርሃን ሰሌዳ ላይ የሚጥል መለኪያ ይዞ መጣ፣ ስሙም በዛው ቀረ። ሥራ ይችላል፣ አልዋሽሽም። ችግሩ አያወራም። እማዬ ዝም የሚል ሰው ወይ አዋቂ ነው ወይ ሌባ ነው ትላለች። እኔ ደሞ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

መከታተል ያዝኩ። መጥረጊያ ይዤ እሱ ያለበትን እጠርጋለሁ። ወለሉ እንደዛ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። አንድ ቀን ሌዘር የአባዬ መኪና ሥር ገብቶ አየሁት። ባንድ እጁ ባትሪ፣ በሌላው ቀጭን ብሩሽ፣ እና ትንሽ የቢጫ ቀለም ጣሳ። ባሌስትራውን፣ ያን ጭነት የሚሸከመውን ድርብርብ ብረት፣ ጠፍረው የያዙት ብሎኖች ላይ ትንንሽ ቢጫ መስመር ያሰምራል። ሲያየኝ ጣሳውን ኪሱ ከተተ። ጠየቅኩት፣ «ለምልክት ነው» ብሎኝ ሄደ። ለማን ምልክት?

ሌላ ቀን ደሞ ቡና እንኳ ሳይጋብዘኝ መጥቶ የዕቃ ሳጥኑን ቁልፍ ከአጎቴ ሌላ ማን እንደሚይዝ ጠየቀኝ። ቀጥሎ አባቴ ሲነዳ ሬዲዮ ይሰማ እንደሆን። ቀጥሎ እኔ እሱ በሌለበት ቀን ጋራዡ ውስጥ ምን ስሠራ እንደምውል። እኔ ነኝ መርማሪዋ ወይስ እሱ ነው?

ይሄን ሁሉ ለወንበር ጓደኛዬ እጽፍላታለሁ። ትምህርት ቤት አብረን አንድ ወንበር ላይ ያደግን ልጅ ናት፣ አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው። እኔ ገጽ ሙሉ እጽፋለሁ፣ እሷ ባንድ መስመር ትመልሳለች። ስለ ቢጫው ቀለም ስነግራት «ቀለም ቀባ እንጂ ሰው አልገደለም» አለችኝ። እኔም ሁሉም እንዲህ ነው የሚጀምረው አልኳት።

ቤት ደሞ ሌላ ምርመራ ተከፍቷል። አባዬ መኪናው ቆሞበት ቤት መዋል ሲጀምር እማዬ ዓይኗን ጣለችበት። ሸሚዙን ከማጠቧ በፊት ታሸተዋለች። ሴት አለች ብላ ጠርጥራለች። ማስረጃዋን ስትቆጥርልኝ በሳቅ ልሞት ነበር፣ ቆይ ግን ስሚው። ጎረቤታችን ሰላም ሲሉት አልፏቸው ሄደ፣ ሰውየው ኮራብኝ ብለው ተቀየሙ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ የኖረበትን ወንበር ትቶ ጫፍ ላይ ሄደ፣ ሁላችንም በግራው እንድንሆን አድርጎ። እሷ ከቀኙ ብቅ ስትል ክው ይላል፣ «ድምፅ አሰሚ እንጂ ሴትዮ» ይላታል።

«የሚደነግጥ ሰው የሆነ ነገር ደብቋል» አለችኝ። እኔም አዎ አልኳት። ጠጥቶስ እየነዳ ቢሆን ብዬ ለራሴ አሰብኩ። አፉን ለማሽተት ስጠጋው «ምን ሆነሻል አንቺ፣ ድመት ነሽ?» አለኝ። ከሻይ በቀር የሚሸት ነገር የለውም። ስለዚህ ተመልሼ ሌዘር ላይ አረፍኩ።

ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት። አጎቴ ወንበሩ ላይ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል። እኔ ከተከመረው አሮጌ ጎማ ኋላ ቁጭ ብያለሁ፣ ዳቦዬን እየበላሁ፣ እየሰለልኩ። ሌዘር ዙሪያውን ቃኝቶ የአባዬ መኪና ሥር ገባ። ባትሪውን አበራ፣ ብዙ ቆየ። ወጣና እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ። እኔ ዳቦዬን አስቀምጬ በደረቴ ተሳብኩ።

በቀኝ በኩል ያሉት መስመሮች ደህና ናቸው። እያንዳንዷ ቢጫ መስመር ከብሎኑ ጫፍ ጀምራ ብሎኑን የሚያስረው ዳዶ ላይ ቀጥ ብላ ወርዳለች። ወደ ግራ ዞርኩ። እዛ መስመሮቹ ሁሉ ተሰብረዋል። ብሎኑ ላይ ያለችው እዚህ ናት፣ ዳዶው ላይ ያለችው ወዲያ ዞራለች። አንድ ሰው ፈቶ መልሶ አጥብቆታል ማለት ነው። ባትሪዬን ጠጋ ሳደርግ ደሞ፣ ባሌስትራውና የፊት ጎማዎቹን የያዘው ዘንግ የሚገናኙበት መሃል፣ አንድ ስስ ሽብልቅ ተሰክቷል። ዙሪያው ሁሉ ጭቃና ቅባት ነው፣ እሱ ግን አዲስ ሳንቲም ይመስላል።

ሽብልቅ ምን እንደሚሠራ ይሄን ያህል ጊዜ ውዬ አላጣውም። ዘንጉን ባንድ በኩል በጥቂቱ ያዘነብለዋል፣ መኪናው በዛ ምክንያት ወዳንዱ ጎን ይስባል። ልቤ በደስታ ሊወጣ ነበር። አገኘሁት። አባዬ ዳነ።

ስወጣ ሌዘር ከነ እርጥብ እጁ ቆሟል።

«ቦታውን ታውቂው ነበራ» አለኝ።

«አንተ ነህ ያስገባኸው» አልኩት።

«እኔ ባስገባው መስመሩን ለምን አሰምራለሁ? ዳዶው ከተነካ መስመሩ ይሰበራል፣ የምቀባው ለዛ ነው። ቀጥ አድርጌ የለካሁትን መኪና ሰው እያበላሸብኝ ነው። እስከዛሬ አንቺ ነሽ ብዬ ነበር።»

«እኔ? የገዛ አባቴን መኪና?»

«ሁሌ ከኋላዬ ነሽ። ወለል እንደዛ የሚጠርግ ሰው አይቼ አላውቅም።»

እዪው እንግዲህ። ስጠረጥረው እየጠረጠረኝ፣ ስሰልለው እየሰለለኝ ከርመናል። ያኔ ከወንበሩ በኩል ድምፅ መጣ። ማንኮራፋቱ መቼ እንደቆመ አላውቅም። አጎቴ ኮፍያውን ፊቱ ላይ እንዳደረገ ነው የተናገረው።

«ልጅቷን ተዋት። እኔ ነኝ።»

ሁለታችንም ወደሱ ዞርን። ኮፍያውን አነሳ። መኪናው እዚህ ከታገደ በኋላ፣ ሌዘር ዕረፍት በወጣበት ቀን ነው ያስገባሁት አለ። አባዬ ለሁለተኛ ጊዜ ይስባል ብሎ ሲመጣ ብርሃኑ ቀጥ ነው አለ፣ ሲባጎውም ቀጥ ነው አለ፣ አባዬ ግን ይስባል አለ። ዕድሜ ልኩን የነዳ ሰው፣ የእህቴ ባል፣ ፊቱ ቆሜ ትዋሻለህ ልበለው? ጋራዡ ውስጥ ከጥንትም የነበረ ልማድ ነው አለ፣ መለኪያና ሹፌር ከተጣሉ ሹፌር ነው የሚታመን፣ መሪውን የያዘው እጅ ነዋ። ወደ ቀኝ ይስባል ካለ ወደ ግራ የሚስብ ሽብልቅ አግብቼ አቻቻልኩለት አለ። ለሌዘር ያልነገረው አፍሮ ነው። ልጁ ሰሌዳውን እያሳየ ይከራከረኛል ብሎ።

ሌዘር አልተቆጣም። «እጅሽን አምጪ» አለኝና ወደ ፊት ጎማው ወሰደኝ። መዳፌን ጎማው ፊት ላይ አስደርጎ ከውስጥ ወደ ውጭ ዳብሺው አለኝ። ዳበስኩት። ከውጭ ወደ ውስጥ። ዳበስኩት። መሪው የተጣመመ መኪና ጎማ የድመት ጀርባ ነው፤ ባንድ በኩል ይለሰልሳል፣ መልሰሽ ስትዳብሺው ይቧጥጣል። ይሄ በሁለቱም በኩል ልስልስ ነው።

ከዛ በቀኝ በኩል ይዞኝ ዞረ። የጎማው ጉንጭ በድንጋይ ተፍቋል። የመውጫው ደረጃ ታጥፏል። የመስታወቱ ጀርባ ቀለሙ ተልጧል፣ አዲስ ላይ አሮጌ፣ አሮጌ ላይ አዲስ። በግራ በኩል አንድ ጭረት የለም።

«መኪናው ከመጀመሪያውም ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው» አለ። «ቀኙን የማያየው ሌላ ነው።»

የያዝኩትን ጨርቅ ፊቱ ላይ ወረወርኩበት። አዎ፣ ፊቱ ላይ። አባቴን ነው የምትለው አልኩት። ጨርቁን አንስቶ አጠፈው፣ ዕቃ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው። ክፉ ቢመልስልኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

አጎቴ ሽብልቁ ባለበት ይሁን አለ። ቅዳሜ የሴትየዋ ሹፌር ሲነዳው ወደ ግራ ይስብበታል፣ ያኔ ጥፋቱ የጋራዡ ነው እላለሁ፣ ስሜ ይጥፋ፣ ሰውየውን ከመሪ አላወርድም። ሌዘር አንድ ቃል ብቻ ጠየቀ።

«ሰኞስ?»

እኔ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። አባዬ ቁልፉን አይነጠቅም። ሰኞ የሰኞ ነው። ግን እየሄድኩ ያቺ ወንበር ትዝ አለችኝ። ጫፍ ላይ፣ ሁላችንም በግራው። ከዛ ጎረቤቱ፣ ከዛ «ድምፅ አሰሚ እንጂ»። እማዬ የቆጠረችው ሁሉ ባንድ በኩል ነው የተከሰተው፣ ልብ ብለሽ ካየሽው።

እራት ቀረበ። እማዬ ወጥ ቤት እያለች ዱካ አንስቼ በአባዬ ቀኝ፣ ትከሻዬ ትከሻውን ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ ቁጭ አልኩ። እና ዝም አልኩ። እኔ፣ ዝም። ሲበላ አየዋለሁ። አንዴ እንኳ ወደኔ አላለም። አፌ ውስጥ የያዝኩትን ጉርሻ ማላመጥ ፈራሁ፣ እንዳይሰማኝ። እማዬ ውሃ ይዛ ገባች።

«ልጅቷ አልመጣችም እንዴ እስካሁን?» አላት።

እማዬ ሳቀች። «አጠገብህ ተቀምጣ?» አለችው።

አንገቱን ሙሉ አዞረ። ሲያየኝ የሆነውን ፊት ልነግርሽ አልችልም። ከዛ እሱም ሳቀ፣ «ሳታወሪ ተቀምጠሽ በምን ልወቅሽ» አለኝ። እማዬ ቀልድ መስሏት ውሃ ቀዳችለት። ብርጭቆውን በቀኙ ነው ያስቀመጠችለት። ሲያነሳው እጁ አልፎት ሄዶ መታው፣ ውሃው ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ። «ማን አስቀመጠው እዚህ» ብሎ ተቆጣ።

አልተኛሁም ብልሽ ይበቃል።

አርብ ጠዋት አባዬና አጎቴን የጋራዡ በር ጋ ሲንሾካሾኩ አየኋቸው። አጎቴ በሁለት ጣቱ ስስ ነገር መጠን እያሳየው ነው። አባዬ ትከሻውን መታ አደረገው። እያወቀ ነው ማለት ነው። ያኔ ነው ሁሉንም ሰው መጠርጠር አስጠልቶኝ ራሴን መጠርጠር የጀመርኩት። ምክንያቱም እኔም እንዳይነገርበት እፈልግ ነበር። ደሞ እያንዳንዱ መንገድ ዳር የሚሄድ ሰው በአባዬ ቀኝ የሚሄድ ይመስለኝ ጀመር። ወተት ይዛ የምትሄድ ልጅ፣ ሳይክል የሚገፋ ሰውዬ። «እሱ ካላየሽ የለሽም።» የሉም ማለት ነው፣ ሁሉም።

ቅዳሜ ጠዋት ሴትየዋ መጡ፣ ሹፌራቸውን አስከትለው። ሹፌሩ ወፍራም፣ ገር ፊት ያለው፣ አባዬን «ታላቄ» እያለ የሚያፍር ሰው ነው። አባዬ ደሞ ተላጭቶ፣ ቀልድ ይዞ ነው የመጣው። ለመለካት መኪናውን ከግቢው ወደ ብረቶቹ ራሱ ያስገባው ተባለ። ወጣ፣ አስነሳ። «በይ አንቺ ምላስ፣ ግቢ ወደ ቦታሽ» አለኝ አጎቴ።

ቦታዬ በግራ ነው። እኔ በቀኝ በኩል ሄድኩ።

አጎቴ «ወዴት ነው» ሲል ሰምቻለሁ፣ መኪናው መንቀሳቀስ ጀምሯል። በቀኙ ጥግ፣ ከብረቱ ትንሽ አለፍ ብዬ፣ ከኋላዬ የዕቃ ሳጥን፣ ቆምኩ። ጤነኛ ሹፌር ሁሉ በመስኮቱም በመስታወቱም የሚያየኝ ቦታ ነው። እጄን አነሳሁ። ና፣ ና። መጣ። ጎማው ብረቱ ላይ ወጣ፣ መሃሉ ደረሰ። ሁለት መዳፌን ዘረጋሁ። በቃ።

አልቆመም። ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፣ እንደ ልማዱ፣ እንደ እንቁላል ነው የሚይዘው። አባዬ ይታየኛል። ግራውን እያየ እኔን ይፈልጋል። ያለሁበት የመሰለው ቦታ እኔ የለሁም፣ እና ግራ ገብቶታል፣ ግን እግሩን ከፍሬኑ አንስቷል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ሳጥኑ ጀርባዬን ነካኝ። መጮህ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ከጮህኩ ግን በድምፄ ያገኘኛል፣ ነገሩም እንደ እራቱ በሳቅ ያልቃል። መዳፌን እንደዘረጋሁ ቀረሁ፣ የመብራቱ ሙቀት መዳፌ ላይ እስኪሰማኝ።

የጮኸው ሌዘር ነው። በዛ ሁሉ ጊዜ ጮክ ብሎ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ፍሬኑ ፏ አለ፣ መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ።

አባዬ በሩን ከፍቶ ወረደ። በመጀመሪያ ወደ ሌዘር፣ ከዛ ወደ አጎቴ አየ።

«ማን ነበር እዛ?»

«ልጅህ ናት» አለው አጎቴ።

አባዬ በመኪናው ፊት ዞረ። እንደ እራቱ ቀን አንገቱን ሙሉ አዙሮ፣ ገና ያኔ አየኝ፣ ሳጥኑና መብራቱ መሃል። የመኪናውን የፊት መከላከያ ብረት በእጁ ነካ፣ ከዛ ከሱ እስከኔ ያለውን ክፍተት ተመለከተ። ክፍተት አይባልም። እዛው ቆሞ ቀረ። ሴትየዋ መነጽራቸውን ከፀጉራቸው ላይ አውርደው አደረጉ።

«ሽብልቁን አውጣው» አለው አባዬ አጎቴን።

«የምን ሽብልቅ ነው፣ የኔ ጌታ?» አሉ ሴትየዋ።

አጎቴ ነገራቸው። ሳያሳጥር፣ ራሱን ሳይከላከል። እሳቸው አላቋረጡትም፤ ሲጨርስ ስለ ጋራዡ በኋላ እንነጋገራለን ብቻ አሉ። ሌዘርና አጎቴ አብረው መኪናው ሥር ገቡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው፣ እና ስስዋን ብረት አውጥተው አጥብቀው ወጡ። ለኩት። ቀዩ ብርሃን ሰሌዳው ላይ ልክ ቦታው አረፈ። ወፍራሙ ሹፌር ጋራዡ ኋላ ያለው ረዥም መንገድ ላይ ይዞት ወጣ። መሃል ሲደርስ ሁለት እጁን ከመሪው አንስቶ በመስኮት እያሳየን ሄደ። መኪናው እንደ ማስመሪያ ነው የሄደው። አባዬ ጣራው ሥር ቆሞ፣ መኪናው ወደ ቀኝ ሲርቅ አንገቱን እያዞረ፣ እያዞረ፣ እስኪጠፋ ድረስ ተከተለው።

ሲመለስ ሴትየዋ እጃቸውን ዘረጉ። አባዬ ቁልፉን ከቀለበቱ አወጣ፤ የቤታችን ቁልፍም አብሮ ስለነበር ለመለየት ጊዜ ወሰደበት። የትኛው ዓይን ነው አሉት። ቀኙ ነው አለ። ቀስ እያለ ነው የጨለመው፣ እኔም መኪናው ነው እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር፣ ብዙ ከመናገሬ የተነሳ እጄም መኪናው ሲስብ ይሰማው ጀመር አለ። ሴትየዋ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ ስለ ሥራው ከዛ በኋላ ይምጡና ያነጋግሩኝ አሉት። «የኔ ጌታ» አላሉም።

ወደ ቤት በእግር ሄድን። እኔ በግራው ነኝ፣ አስቤበት። ብዙ ከሄድን በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«አውቀሽ ነው በዛ በኩል የቆምሽው?»

«አዎ አባዬ።»

ሌላ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እርምጃውን ፈጠን አደረገና ቀድሞኝ ሄደ። ቤት ስደርስ በሩን ዘግቶ ተኝቷል። እማዬ ነገሩን ስነግራት ሸሚዙን ይዛ ቁጭ አለችና፣ ያን ስታሸተው የከረመችውን ሸሚዝ፣ አለቀሰችበት። ሌላ ሴት በሆነች ይሻለኝ ነበር አለች፣ ከዛ ደሞ ሳቀች፣ ከዛ ደሞ አለቀሰች።

እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ለወንበር ጓደኛዬ ጻፍኩላት። ሁሉንም፣ ካንቺ ጋር ካወራሁት ይረዝማል። አባቴን ከመሪ ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ ካሁን በኋላ ዓይኔን አያይም፣ ምን ላድርግ አልኳት። ፎቶ ኮፒ ማሽኑን አቁማ መሰለኝ፣ እንደዛ ቶሎ መልሳልኝ አታውቅም። ቃል በቃል ይሄው፦

«አኩርፎ ነው፣ ይተወዋል። አንቺ ግን ማታ በግራው ቁጭ በይና እንደ ልማድሽ ለፍልፊ።»